ሳይረን ሲጮኽ አያትን ማን ይዞ ይወርዳል?

የሦስት ልጆች እናት፣ አሽኬሎን

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ጥያቄ በአማርኛ የማቀርበው፣ በቤታችን ጉዳዩ የሚወራው በአማርኛ ስለሆነ ነው። እዚህ እስራኤል ስለ አዛካ (የሮኬት ማስጠንቀቂያ ሳይረን) የሚሰጠው ምክር ብዙ ነው፤ አብዛኛው ግን የሚያስበው ማማድ (በቤት ውስጥ ያለ የተጠበቀ ክፍል) ባለው አዲስ አፓርታማ ውስጥ ስለሚኖሩ አባት፣ እናትና ልጆች እንጂ፣ እንደኛ ሦስት ትውልድ በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሚያድርበት ቤት አይደለም። እኛ የምንኖረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በተሠራ ባለ 4 ፎቅ ሕንፃ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው። ማማድም አሳንሰርም የለንም። የጋራው ሚክላት (መጠለያ) ከምድር በታች ሲሆን፣ በሩ በሕንፃው ጀርባ ስለሆነ ከዋናው መግቢያ ወጥቶ መዞር ያስፈልጋል። ከጋዛ ባለን ርቀት አዛካው ከጮኸ በኋላ ለመጠለል የተሰጠን ጊዜ 30 ሰከንድ ነው።

በቤቱ ያለነው ሚሉዊም (የተጠባባቂ ጦር አገልግሎት) በማይጠራበት ጊዜ ባለቤቴ፣ እኔ፣ የ11፣ የ7 እና የ2 ዓመት ልጆቻችን፣ እንዲሁም 80 ዓመት ያለፋቸው አማቴ ነን። የአማቴ ጉልበት ታሟል፤ ደረጃ የሚወርዱት መደገፊያውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ አንዱን እግር አስቀድመው ሌላውን እያስከተሉ ነው። አዛካው ሲጀምር «እናንተ ውረዱ፤ ልጆቹን ያዙ፤ እኔን እግዚአብሔር ይጠብቀኛል» ይሉና ከወንበራቸው አይነሡም። በዚህ መሐል ትልቋ ልጄ ያለ እርሳቸው ንቅንቅ አትልም። አንድ አርብ ከሰዓት በኋላ ለሰንበት እንጀራ እየጋገርን ሳለ አዛካ ሲጮኽ፣ አክንባሎውን እንኳ ከእጇ ሳታስቀምጥ በሩ ላይ ቆማ «እማማ ካልመጡ አልወርድም» አለች። እኔ ሕፃኑን ታቅፌ፣ መካከለኛውን በእጄ ይዤ፣ ሁለቱን እየለመንኩ 30ው ሰከንድ አለቀ፤ ፍንዳታውን የሰማነው እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቆመን ነው።

አሁን ነገሩ ጋብ ብሏልና፣ እንደገና ከመጮኹ በፊት በሰከነ ልብ መወሰን እፈልጋለሁ። ማን ማንን ይያዝ? አማቴን በምን ቃል ላነጋግራቸው? ልጄንስ አያቷን ትታ እንድትወርድ ማዘዝ ይገባኛልን? በተመሳሳይ ቤት የኖራችሁ እንድትመልሱልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

የስዴሮት ልጅ

እህቴ፣ ከጋዛ የተተኮሱት የመጀመሪያዎቹ ሮኬቶች እ.ኤ.አ. በ2001 በስዴሮት ሲወድቁ እኔ ልጅ ነበርኩ፤ ያደግኩትም በ15 ሰከንድ ነው። በከተማችን የአውቶቡስ ማቆሚያው የኮንክሪት መጠለያ ነው፤ በመናፈሻው ልጆች የሚጫወቱበት ባለ ቀለም አባጨጓሬ ሳይቀር ከውስጡ መጠለያ ነው። በዚያ ኑሮ የተማርነው ዋና ነገር፣ አዛካ ከጀመረ በኋላ ምንም ነገር እንደማይወሰን ነው። ውሳኔው አስቀድሞ ተነግሮ፣ ሁሉም ቦታውን አውቆ ካልተቀመጠ በቀር፣ 15 ሰከንድም ሆነ 30 ሰከንድ ለክርክር አይበቃም።

ስለዚህ በመጀመሪያ የምለው፣ ሚክላቱን ለአዛካ ጊዜ እርሱት። ከሦስተኛ ፎቅ ወርዶ፣ ከሕንፃው ወጥቶ፣ በጀርባ ዞሮ መግባት በ30 ሰከንድ ለጎልማሳም አይሆንም፤ መንገድ ላይ መገኘት ደግሞ ቤት ውስጥ ከመቅረት የከፋ ነው። የፒኩድ ሃኦሬፍ (ሕዝቡን በጦርነት ጊዜ የሚመራው የሠራዊቱ ክፍል) መመሪያ ማማድ ለሌለው ቤትና በተሰጠው ጊዜ ሚክላት ለማይደረስበት ሁኔታ የሚያዘው የውስጠኛውን ደረጃ ነው፤ ከ3 ፎቅ በላይ በሆነ ሕንፃ ከላይ ቢያንስ ሁለት ፎቅ እንዲቀር ሆኖ፣ ከመስኮትና ከመስታወት ርቆ መቀመጥ ነው። እናንተ ሦስተኛው ላይ ከሆናችሁ፣ እናታችን መውረድ ያለባቸው አንድ ፎቅ ብቻ ነው ማለት ነው። ሚክላቱን ተኩሱ በሚበረታበት ሌሊት አስቀድሞ ወርዶ ለማደር ተጠቀሙበት።

ሁለተኛ፣ የእናታችን ወንበር የት ነው? በሳሎኑ መስኮት አጠገብ ከሆነ ዛሬውኑ ወደ በሩ ይዛወር። የሚተኙበትም ክፍል ለመውጫው የሚቀርበው ይሁን። ሁለተኛው ፎቅ ላይ በሩን የሚከፍትላችሁ መልካም ጎረቤት ካለ፣ ተኩስ በሚበረታበት ሰሞን ቀኑን እዚያ እንዲውሉ ማድረግም ይቻላል። አንድ ፎቅ መውረድ እንኳ ካልተቻለ፣ የቀረው አማራጭ የውጭ ግድግዳና መስኮት በጣም ያነሰበት የውስጥ ክፍል ነው፤ ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት ግን አይሆኑም፤ ሴራሚኩና መስታወቱ ሲሰበር ራሱ ይጎዳል።

ጡረተኛ፣ ኪርያት ጋት

ልጄ፣ አማትሽ ለምን ከወንበራቸው እንደማይነሡ በእርሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው ቢነግርሽ ይሻላል ብዬ ነው የምጽፈው። ግትርነት አይደለም። እኛ ከኢትዮጵያ በሱዳን በኩል በእግር የመጣን ሰዎች፣ በጉዞ ላይ አንድ ሰው ሲዘገይ በሌላው ላይ የሚደርሰውን አይተናል። በመንገድና እንደ ኡም ራኩባ ባሉ የስደተኛ ሰፈሮች ወደ 4,000 የሚገመቱ ወገኖቻችን አልቀዋል፤ ልጁን በዚያ አፈር ያለበሰ ሰው ከሁሉ በላይ የሚፈራው፣ በእርሱ ምክንያት ሌላ ልጅ እንዳይቀር ነው። «እናንተ ሂዱ» የሚለው ቃል ከዚያ የመጣ ነው። እምነታቸውም እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ከእምነቱ በታች ይህ ፍርሃት አለ።

እ.ኤ.አ. በ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጊዜ እኔ በስደተኞች መቀበያ ማዕከል ነበርኩ። መስኮቱን በፕላስቲክና በማጣበቂያ ሸፍነን፣ ከበሩ ሥር እርጥብ ፎጣ ጎዝጉዘን፣ የጋዝ ጭንብል አጥልቀን እንቀመጥ ነበር። ሬዲዮው «ናሃሽ ጼፋ» (የሚሳኤል ማስጠንቀቂያው መለያ ቃል) ሲል ሁሉም ይሮጣል፤ ዕብራይስጥ ያልገባቸው አረጋውያን ግን የሰውን ፊት አይተው ብቻ ይከተሉ ነበር። ማንም ሥራ አልሰጣቸውም፤ እንደ ዕቃ ከቦታ ቦታ ነበር የሚወሰዱት። እናቴ ጭንብሉን እያወለቀች ታስቸግረን ነበር፤ አንድ ሌሊት የእኅቴን ሕፃን በእጇ ብንሰጣት ግን፣ ሕፃኑ እንዳይደነግጥ ብላ ጭንብሏን ሳትነካ አደረች።

ስለዚህ አማትሽን አትዘዢያቸው፤ አትለምኛቸውም። ሥራ ስጫቸው። የቤተሰቡ ወረቀትና መድኃኒት ያለበት ቦርሳ የእርሳቸው ይሁን፤ ደረጃው ላይ ከተቀመጡ በኋላ ሕፃኑን የሚታቀፉት እርሳቸው ይሁኑ፤ ዳዊቱንም እርሳቸው ይድገሙ። ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቡና ጠጥታችሁ ልባቸው በረጋበት ሰዓት፣ «እርስዎ ሲቀሩ ልጅቷም ትቀራለች» ብለሽ እውነቱን ንገሪያቸው። ልጅን ለማዳን የቀሩ መስሏቸው እንደሆነ፣ ልጅን ለማዳን ይነሣሉ።

የሁለት ልጆች አባት፣ አሽዶድ

አባታችን የጻፉትን በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። የ11 ዓመት ልጅ ለአያቷ መያዣ መሆን የለባትም። «አንቺ ስለምትቀሪ አያትሽ ይነሣሉ» የሚለው ሐሳብ በልጅቷ ልብ ውስጥ አንዴ ከገባ፣ ጉልበታቸው አንድ ቀን እምቢ ቢልስ ምን ልትሸከም ነው? እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 በእናንተው ከተማ ከሕንድ የመጣች አንዲት ተንከባካቢ፣ የምትረዳቸው አዛውንት በሚኖሩበት ቤት ሮኬት ወድቆ መሞቷን ታስታውሳላችሁ። ቤቱ የተጠበቀ ክፍል አልነበረውም፤ እርሷም ጥላቸው አልሄደችም። ያቺ ሴት አዋቂ ነበረች፤ ያደረገችውም የሚከበር ነው። ይህን ከልጅ መጠበቅ ግን አይቻልም።

በእኛ ቤት ሕጉ ግልጽ ነው፤ ልጆች ማንንም ሳይጠብቁ፣ ዞር ብለው ሳያዩ ይወጣሉ። ለአያት ኃላፊው አዋቂ ነው፤ ባለቤትሽ በሌለበት ጊዜ ደግሞ ከጎረቤት አንድ ጎልማሳ አስቀድሞ መታጨት አለበት። ለልጅሽ መንገር ያለብሽ «አያትሽን ተያቸው» ብለሽ አይደለም፤ «አያትሽን የሚይዘው እገሌ ነው» ብለሽ ስሙን ጥሪላት። አያቷን የሚይዝ ሰው መኖሩን ካወቀች ትሄዳለች ብዬ አምናለሁ።

ነርስ፣ ሬሆቮት

ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ልጅቷ መሄድ አለባት፣ እናታችንም ሥራ ያስፈልጋቸዋል። እኔ የምጨምረው ከሥራዬ የማየውን ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 2025 ከኢራን በተተኮሱት ሚሳኤሎች የቫይዝማን የሳይንስ ተቋም ከተመታ በኋላ፣ በከተማችን ወደ እኛ የሚመጡት እናቶች የሚነግሩን ተቀራራቢ ነገር ነበር። ሽንቱን መቆጣጠር የጀመረ ልጅ እንደገና አልጋ ላይ መሽናት ይጀምራል፤ ብቻውን መታጠቢያ ቤት አልገባም ይላል፤ ሞተር ሳይክል ከታች ማርሽ ሲነሣ የሚያወጣው ድምፅ አዛካ ይመስለውና ይደነብራል። አዋቂዎችም ሰውነታቸውን የሚታጠቡት በሩን ከፍተው፣ በችኮላ ነው። ይህ በአብዛኛው ሲረጋጋ የሚያልፍ ነው፤ ነገሩ ጸጥ ብሎ ሳምንታት ካለፉ በኋላም እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ከተወ ወይም ዝምታ ካበዛ ግን ለሐኪም መንገር ይገባል።

ለልጆች ውሸት አትንገሩ። «ርችት ነው» ወይም «ነጎድጓድ ነው» የተባለ ልጅ፣ እውነቱን ከመዋዕለ ሕፃናት ጓደኞቹ ሲሰማ ሁለት ጊዜ ይፈራል፤ ከዚያ በኋላም «አይዞህ» ሲባል አያምንም። ለ7 ዓመት ልጅ በቂው ነገር፣ ሳይረኑ የሚጮኸው እኛን ለማስጠንቀቅ እንደሆነ፣ ቦታችን የት እንደሆነ፣ እስከ መቼ እንደምንቆይ ማወቅ ነው። ማማድ ፍጹም እንዳልሆነ ትልልቆቹ ልጆች ያውቃሉ፤ በዚያው ጁን በፔታህ ቲክቫ ሚሳኤል በቀጥታ የመታው ማማድ ውስጥ የነበሩ ሰዎች ሞተዋል። «እዚያ ከገባን ምንም አይነካንም» ከማለት «ከሁሉ የሚሻለው ቦታ ይህ ነው» ማለት ይበልጣል፤ እውነትም ነው። የመታሰቢያ ቀን ሳይረን አንድ ወጥ ድምፅ እንደሆነና ከፍ ዝቅ እንደማይል ደግሞ ከቀኑ በፊት ንገሯቸው፤ ካልተነገራቸው በየዓመቱ ይሮጣሉ።

ከሁሉ በላይ ግን በእኛ ማኅበረሰብ ያለ አንድ ሸክም ያሳስበኛል። ከፒኩድ ሃኦሬፍ ወደ ስልክ የሚመጣውን የዕብራይስጥ መልእክት ለአያት፣ አልፎ አልፎም ለእናት፣ የሚያነብላቸው ልጅ ነው። በጁን 2025 ከሳይረኑ ጥቂት ደቂቃዎች አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ይመጣ ነበር፤ መውጣትም የሚቻለው «ውጡ» የሚል መልእክት ሲደርስ ብቻ ነበር። ይህን ሁሉ በሌሊት ተነሥቶ የሚተረጉመው የ10 እና የ11 ዓመት ልጅ ነው። ልጁ ካላነበበ ቤቱ አይንቀሳቀስም፤ ልጁም ይህን ስለሚያውቅ አይተኛም። ትልቋ ልጅሽ «አልወርድም» ያለችው፣ የቤቱ ኃላፊ እርሷ እንደሆነች ስለተሰማት ሊሆን ይችላል። ስልኩን ከእርሷ ውሰጂ። ለአማትሽ የሬቃን (የሬዲዮ ጣቢያውን) የአማርኛ ስርጭት ክፈቺላቸው፤ የማይገባ መመሪያ ካለም አዋቂ ወደ ፒኩድ ሃኦሬፍ ስልክ 104 ይደውል እንጂ ልጅ አይፈለግ።

የቄስ ልጅ፣ ናታኒያ

ስለ ሰንበት ማንም ስላላነሣ ልጨምር። አባቴ ሰንበት ከገባ በኋላ ስልክም ሬዲዮም እንዲነካ አይፈቅዱም ነበር፤ በአገራችን እሳት በማይጫርበት ቤት ያደጉ ናቸውና። በኦክቶበር 7 ቀን 2023 ከማለዳው 12:29 አዛካው ሲጮኽ ሰንበትም በዓልም ነበር፤ ብዙ ሃይማኖተኛ ቤት ስልኩ ጠፍቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ሳናስከፋቸው ያገኘነው መንገድ ጸጥተኛውን የሬዲዮ ስርጭት ነው፤ አርብ ሰንበት ሳይገባ ይከፈታል፣ ሌላ ጊዜ ዝም ይላል፣ ማስጠንቀቂያ ሲኖር ብቻ ይናገራል። ለአባቴም የተነገራቸው ከኦሪቱ ነው፤ ነፍስን ማዳን ሰንበትን እንደሚሽር። እርሳቸው ራሳቸው አርብ አርብ «ሬዲዮው ተከፍቷል?» ብለው ይጠይቃሉ። የእናታችንም እምነት እንቅፋት አይሆንም፤ ቄስ ወይም የሚያከብሩት ሽማግሌ ቢነግራቸው በአንድ ጊዜ ይገባቸዋል።

ቤይሩት የነበረች

እኔ የምጽፈው ከድንበሩ ማዶ የነበረውን ነው፤ ማንንም ለመውቀስ አይደለም። በ2024 መኸር በቤይሩት ደቡባዊ ሰፈሮች በሰው ቤት እየሠራሁ የ5 ዓመት ልጄን አሳድግ ነበር። እዚያ ሳይረን የለም፤ ሚክላትም የለም። ማስጠንቀቂያ ሲኖር በእኩለ ሌሊት የሚመታው ሕንፃ በቀይ የተቀለመበት ካርታ በስልክ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም ምንም አይመጣም። ስልኩን ያላየውን ጎረቤት ለመቀስቀስ የሰፈሩ ሰዎች ወደ ሰማይ ይተኩሱ ነበር፤ ልጄ የሚፈራው ቦምቡን ሳይሆን ያንን ተኩስ ሆነ። አሠሪዎቻቸው በር ቆልፈውባቸው የሄዱ እኅቶች ነበሩ፤ እኛ ብዙዎቻችን በአደባባይና በባሕሩ ዳር ካርቶን ዘርግተን አደርን፤ አንዳንዶቻችንን ቤተ ክርስቲያን ተቀበለን። በጋዛም ያሉ እናቶች ሳይረንም መጠለያም እንደሌላቸው አስባለሁ።

ለጥያቄው የሚረዳ ነገር ካለኝ ይህ ነው። ቁጥር የሚቆጠርበት ጊዜ ስላልነበረን፣ ለልጄ የሰጠሁት አንድ ልማድ ነበር፤ ድምፅ ሲሰማ እኔን ፈልጎ አይሮጥም፣ ባለበት ቦታ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ተጠግቶ ተቀምጦ ስሜን ይጠራል፣ እኔ ወደ እርሱ እሄዳለሁ። ሁለት ሰዎች ሲፈላለጉ ይተላለፋሉ። አንደኛው ሁልጊዜ የማይንቀሳቀስ መሆን አለበት። በእናንተ ቤት የማይንቀሳቀሱት አያት ከሆኑ፣ ወደ እርሳቸው የሚሄደው ማን እንደሆነ ብቻ ይታወቅ።

የሚሉዊም ሚስት፣ ቤር ሼቫ

እኛ 60 ሰከንድ አለን፤ ያም ሆኖ ባለቤቴ በሌለበት ጊዜ ሁለት እጅ ለሦስት ልጅ አይበቃም። ያገዘኝ ሌሊት ሌሊት ሁሉንም በማማዱ ማስተኛቴ ነው። የጤፉን ኬሻና ምጣዱን አውጥቼ ፍራሽ አነጠፍኩበት። ማማድ ለሌላችሁ ደግሞ፣ ሕፃኑን በጀርባ ማዘያ ማዘል እጅን ነፃ ያደርጋል፤ ማዘያው በበሩ መንጠቆ ላይ ይዋል። የእያንዳንዱ ጫማ በሩ ጋ ይሁን፤ መስታወት ከተሰበረ በባዶ እግር መውረድ አይቻልም።

የሦስት ልጆች እናት፣ አሽኬሎን

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በተለይ ከቤይሩት የጻፍሽልኝ እኅቴ፣ ልጅሽን ያኑርልሽ፤ 30ው ሰከንድ ራሱ ለሌላ እናት ያልተሰጠ ነገር መሆኑን በዚህ መልክ አስቤው አላውቅም ነበር።

ከአማቴ ጋር ቡና አፍልተን ተነጋገርን። አባታችን ከኪርያት ጋት እንዳሉት፣ ነገሩ ከሱዳን የመጣ ነው፤ በመንገድ ስለቀረች ታናሽ እኅታቸው ለባለቤቴ እንኳ ያልነገሩትን ነገሩን። ስለ ልጅቷ ግን የአሽዶዱን ወንድማችንን ምክር መርጫለሁ፤ «እርስዎ ሲቀሩ እርሷም ትቀራለች» የሚለውን ልጄ በሌለችበት ነው የተናገርኩት፤ ለእርሷ የተነገራት የሰው ስም ብቻ ነው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ያለው ወጣት ጎረቤታችን አዛካ ሲጮኽ ወደ ላይ ወጥቶ በግራ ክንዳቸው ሊይዛቸው ተስማምቷል፤ እርሱ በማይኖርበት ሰዓት ወንድሙ ይተካዋል። ልጆቹ ቀድመው ይወርዳሉ፣ እኔ ሕፃኑን አዝዬ እከተላለሁ፣ አማቴ ቦርሳውን በትከሻቸው አንግተው ከጎረቤታችን ጋር ይመጣሉ። ያለ አዛካ ሞክረነው፣ ሰዓት ይዛ የቆመችው ልጄ ነበረች። አማቴ ከወንበሩ እስከ ደረጃው መታጠፊያ ሲደርሱ ጊዜው አልቆ ነበር፤ ስለዚህ ወንበሩን ወደ በሩ አስጠግተን እንደገና ሞከርን፤ ያን ጊዜ ግማሹን ደረጃ አጋመሱ። ገና አልበቃም። ቀን ቀን በሁለተኛው ፎቅ እንዲውሉ የቀረበውን ሐሳብ ግን «ሰው ቤት አልውልም» ብለው አልተቀበሉትም።

አንድ ያልተፈታ ነገር አለ። ለሌሊት የምናስበው ሚክላት ተቆልፏል፤ ግማሹም በጎረቤቶች አሮጌ ዕቃ ተሞልቷል። ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

ጡረተኛ፣ ኪርያት ጋት

ልጄ፣ ሰው ቤት አልውልም ካሉ ጎረቤቶቹን ወደ እናንተ ቤት ቡና ጥሪያቸው፤ ከዚያ እነርሱም በተራቸው ይጥሯቸዋል፤ የተጠራ ሰው እንግዳ ነው፣ አይከብዳቸውም። ሲለምዱት ውሎው ይመጣል።

ስለ ሚክላቱ፣ በሕንፃው ውስጥ ያለ የጋራ ሚክላት የነዋሪዎቹ ኃላፊነት ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሕንፃውን ኮሚቴ ጠይቂ። የከተማው ከሆነ ወይም ኮሚቴ ከሌላችሁ ወደ ከተማው አስተዳደር ስልክ 106 ደውለሽ አቤቱታውን በቁጥር አስመዝግቢ፤ ቁጥሩንም ያዢው፣ ደግመሽ ስትደውዪ ይጠይቁሻል። ዕቃው እስኪወጣ አትጠብቁ፤ ወጣቶቹን ሰብስቡና ለእናታችን ፍራሽና ለአንድ ወንበር የሚበቃ ቦታ መጀመሪያ ይጠረግ። ቁልፉ ሲገኝ በሦስት ቅጂ ይቀረጽ፤ ቁልፍ የያዙት ሰዎች የስልክ ቁጥር በየፎቁ በዕብራይስጥ፣ በአማርኛና በሩሲያኛ ይለጠፍ። አማርኛውን የሚጽፍ ሰው ካጣችሁ፣ እኔ ጽፌ በአውቶቡስ ሹፌር እልክላችኋለሁ።